አንድ እጅ ያለው ስፓይደርማን

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ወንበራችሁ ስር አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ተቀምጧል፣ ለጊዜው አትንኩት፣ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

ከእህቴ ልጅ ልጀምር። ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ የፕላስቲክ ስፓይደርማን ነበረው፣ ሲተኛ እንኳን አቅፎት ነው የሚተኛው፣ እና አንድ ቀን ሲወረውረው ግድግዳ ነካና ግራ እጁ ከትከሻው ተነቀለ። እኔ ያለቅሳል ብዬ ቶሎ ብዬ ሌላ እገዛልሃለሁ አልኩት። አልፈልግም አለኝ። ለምን ስለው፣ ይሄኛው እኮ አንድ እጅ ነው ያለው፣ ድሩን ከያዘ ሰው መያዝ አይችልም፣ ሰው ከያዘ ደግሞ ድሩን መያዝ አይችልም፣ እንዴት እንደሚያደርግ ላስብለት ነው አለኝ። ከዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ አሰበለት፣ አንዴ ድሩን በጥርሱ ያስነክሰዋል፣ አንዴ ሰውየውን ጀርባው ላይ ያሳዝለዋል፣ አንዴ ደግሞ ሰውየው ራሱ ስፓይደርማንን ደግፎ ይይዘዋል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ነው የገረመኝ፣ የሚድነው ሰው አዳኙን ሲደግፈው ማለት ነው።

ሁለት እጅ ያለው ስፓይደርማን ይሄንን ችግር አያውቀውም እኮ። ልጁ ያንን ታሪክ ያገኘው እጁ ስለተነቀለ ነው። እና ከዛ ቀን በኋላ ሰዎች በሱፐርሂሮ ሲጫወቱ ባየሁ ቁጥር፣ ፊልም ይሁን ኮሚክ (በተከታታይ ስዕል የሚነገር ታሪክ ማለቴ ነው) ይሁን ፎቶ ይሁን የጎዳና ላይ ጨዋታ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን አጎደሉበት ብዬ ነው። ጀግናውን በደንብ የምናውቀው የሆነ ነገር ስናጎድልበት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ዛሬም የማወራችሁ ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ብዙ ጊዜ የምሰማው ክርክር አለ፣ ኦሪጅናሉን አታበላሹት የሚል። ከፍቅር እንደሚመጣ ይገባኛል፣ ሰው በልጅነቱ የወደደውን ነገር ሌላ ሰው ሲነካካበት ያመዋል። ግን እስቲ ኦሪጅናል የምንለውን ራሱን እንየው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች ናቸው፣ እና በ1933 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ራሳቸው በሚያዘጋጁት ትንሽ መጽሔት ላይ ሱፐርማን የሚለውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀሙበት ሰውየው ጀግና አልነበረም፣ የሰው ሀሳብ የሚያነብ ራሰ በራ ክፉ ሰው ነበር። በኋላ ራሳቸው ገለበጡት፣ ደግ አደረጉት፣ ካባ አለበሱት፣ በ1938 ታተመ፣ መብቱንም በ130 ዶላር ሸጡት (ይሄ 130 ዶላር ነገር ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል)። እና ያ የ1938ቱ ሱፐርማን መብረር አይችልም ነበር! ይዘላል እንጂ አይበርም፣ አንድ ስምንተኛ ማይል ማለትም 200 ሜትር ገደማ ዘሎ ያርፋል፣ እንደገና ይዘላል። ዛሬ የምናውቀው በረራ የመጣው በሬድዮ ድራማውና በ1941 በጀመረው የሲኒማ ካርቱን ዘመን ነው፣ አቅሙን የሚያሟጥጠው ክሪፕቶናይት የሚባለው ድንጋይም በ1943 ከሬድዮ ነው የመጣው። ሲቆጣ ግዙፍ አረንጓዴ ፍጡር የሚሆነው ሀልክም እኮ በ1962 ሲወጣ ግራጫ ነበር፣ ማተሚያ ቤቱ ግራጫውን ከገጽ ገጽ አንድ አይነት አድርጎ ማውጣት ስላቃተው ነው በሚቀጥለው እትም አረንጓዴ የሆነው። ማለትም አትንኩት የምንለው ነገር ራሱ ሲነካካ የመጣ ነው።

አሁን ከሁሉ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን ታገሱኝ። በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ካፒቴን ማርቭል የሚባል ጀግና ነበር፣ አንድ ትንሽ ልጅ ሻዛም ብሎ ሲጮህ መብረቅ ይወርድና ትልቅ ጀግና ይሆናል። የሱፐርማን ባለቤቶች የኛን ነው የገለበጣችሁት ብለው ከሰሱ፣ ክሱ ዓመታት ፈጀ፣ በመጨረሻ በ1953 የካፒቴን ማርቭል አሳታሚ ማተሙን አቆመ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እንግሊዝ አገር ይሄንኑ ኮሚክ እያባዛ የሚሸጥ አሳታሚ ነበር፣ አንባቢ አለው፣ ገበያ አለው፣ ግን ከአሜሪካ የሚመጣለት ነገር በአንዴ ደረቀ። ምን ያድርግ? ሚክ አንግሎ የሚባለውን ሰው ጠራ፣ እሱም ጀግናውን እንደገና ሰራው፣ ስሙን ማርቭልማን አለው፣ ጥቁሩን ጸጉር ወርቃማ አደረገው፣ ሻዛም የሚለውን ቃል ደግሞ ኪሞታ በሚል ተካው። ኪሞታ ምንድነው ካላችሁ፣ አቶሚክ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደፊት ሲነበብ ነው። ዘመኑ የአቶም ዘመን ነበር፣ አስማቱ ቀርቶ ሳይንስ መጣ ማለት ነው።

ይሄ እስካሁን የጭንቅ መፍትሄ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም ልትሉ ትችላላችሁ። ጥበቡ የመጣው በኋላ ነው። በ1982 አለን ሙር የሚባል እንግሊዛዊ የኮሚክ ጸሐፊ ያንን የተረሳ ጀግና አነሳና አንድ ነገር ብቻ አጎደለበት፣ ትዝታውን። ልጁ አድጓል፣ ጎልማሳ ሆኗል፣ ሚስት አለው፣ ራሱን ያመዋል፣ በህልሙ ይበራል ግን ቃሉን ረስቶታል። ጀግና እንደነበር አያውቅም። ከዛ አንድ ቀን የኑክሌር ጣቢያ ውስጥ ታጣቂዎች ይዘውት ሲሄዱ በመስታወት በር ላይ አቶሚክ ተብሎ የተጻፈውን ከጀርባ በኩል ገልብጦ ያየዋል። እና አፉ ያንን ቃል ይለዋል። በቃ፣ እኔ ይሄንን ባሰብኩ ቁጥር ጸጉሬ ይቆማል፣ ምክንያቱም አያችሁ አይደል፣ በ1954 አሳታሚው ተቸግሮ ለይምሰል የገለበጣት ቃል ከ28 ዓመት በኋላ የአንድ ሰው ነፍስ የምትመለስበት በር ሆነች፣ እና ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያየው እዛው ተቀምጦ ነበር። ጨዋታ የሚባለው ነገር ለኔ ይሄ ነው፣ አሮጌውን ነገር ሳይጥሉ እስኪናገር ድረስ ትኩር ብሎ ማየት።

ወደ ጃፓን እንሂድ። በ1978 ቶኤይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ስፓይደርማንን በቴሌቪዥን ሰራው፣ 41 ክፍል ነበረው። ልብሱ ያው ነው፣ ቀይና ሰማያዊ። ሌላው በሙሉ ተቀይሯል። በኦሪጅናሉ ጭምብሉ ስር ያለው ፒተር ፓርከር የለም፣ ታኩያ የሚባል የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነው ያለው፣ ሸረሪት አልነከሰውም፣ አቅሙን የሰጠው ከሌላ ፕላኔት የመጣ ሽማግሌ ነው፣ ጠላቶቹ የክፉ ሰራዊት ናቸው፣ እና ጠላቱ ድንገት ግዙፍ ሲሆንበት ሊዮፓርዶን የሚባል ትልቅ ሮቦት ይጠራል። አዎ ስፓይደርማን ሮቦት ይነዳል! ራሱንም ሲያስተዋውቅ ከሲኦል የመጣሁ መልእክተኛ ነኝ ነው የሚለው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል፣ ደስ ብሎት ነው የሚስቀው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን በቁም ነገር ከጠየቃችሁኝ ይሄ ስፓይደርማን አይደለም፣ አንድ ነገር ሳይሆን ሁሉም ነገር ነው የተወሰደበት። የሆነ ሆኖ የሚገርመው የተረፈው ነገር ነው። ያ ሮቦት በጣም ስለተወደደ ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት በ1979 በባለ ብዙ ጀግኖቹ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ግዙፍ ሮቦት አስገባ፣ ከዛ በኋላ ልማድ ሆነ፣ እና በ1993 ከዛው የጃፓን ምስል ተቆርጦ የተሰራው ፓወር ሬንጀርስ በየአገሩ ልጅ አይን ገባ። ስለዚህ በልጅነታችሁ ፓወር ሬንጀርስ ካያችሁ የሮቦቱ አያት ስፓይደርማን ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ጨዋታ ጀግናውን አይመልስልህም፣ ሌላ ጀግና ወልዶ ይሄዳል።

ቱርክ ደግሞ በ1973 ፊልም ሰሩ፣ ካፒቴን አሜሪካ እና የሜክሲኮው ጭምብል ለባሽ ታጋይ ኤል ሳንቶ አንድ ላይ ሆነው ኢስታንቡል ላይ ወንጀለኛ ያሳድዳሉ። ወንጀለኛው ማን መሰላችሁ፣ ስፓይደርማን! የወሮበላ አለቃ ነው፣ ሰው ይገድላል። ይሄም እንደ ፊልም ያዝናናል፣ ድፍረቱን እወደዋለሁ። ግን እዚህ ላይ የተወሰደበት ነገር ደግነቱ ነው፣ እና ደግነቱ ሲወሰድ ጭምብሉ ውስጥ ማንም የለም። እጁ ቢነቀል ስፓይደርማን ነው፣ ቋንቋው ቢቀየር ስፓይደርማን ነው፣ ደግነቱ ሲነቀል ግን ልብስ ብቻ ነው የሚቀረው።

ይሄን ያነሳሁት ለምንድነው፣ ዛሬ ላይ አዲስ ነገር አመጣን የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ይሄንኑ ስለሆነ ነው። ጀግናውን ያጨልሙታል፣ ሰው ያስገድሉታል፣ ዝናብ ያዘንቡበታል፣ ከዛ አዋቂ አደረግነው ይላሉ። እኔ ይሄ ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው ባይ ነኝ። አንዴ ሲሰራ ያስደነግጣል፣ አስረኛው ላይ ምንም አይሰማህም። ከዛ ይልቅ በ2003 የወጣውን ያንን ኮሚክ ውሰዱ፣ ሱፐርማንን ይዛ የመጣችው መንኮራኩር ካንሳስ ሳይሆን ዩክሬን ውስጥ፣ በሶቪየት የጋራ እርሻ ላይ ብታርፍስ ብሎ የጠየቀውን። የተቀየረው የወደቀበት ቦታ ብቻ ነው፣ ደግነቱን ማንም አልነካበትም፣ ሰውን መርዳት ይፈልጋል፣ ከልቡ ይፈልጋል። እና ያ ደግነት ራሱ ቀስ በቀስ ሰውን ሁሉ ወደ መቆጣጠር ሲወስደው ታያላችሁ። ይሄ ከማንኛውም የተገደለ ሰው በላይ ያስፈራል፣ ምክንያቱም ካንሳስ ያለውንም ሱፐርማን እንድትጠረጥሩት ያደርጋችኋል።

ሌላኛውን ስፓይደርማን፣ ማይልስ ሞራሌስን ታውቁታላችሁ። በ2011 ብራያን ማይክል ቤንዲስ እና ሳራ ፒኬሊ የፈጠሩት የብሩክሊን ልጅ፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ እናቱ ፖርቶ ሪካዊት። አመጣጡ ራሱ ደስ ይላል፣ በ2010 ጥቁሩ አሜሪካዊ ተዋናይ ዶናልድ ግሎቨር ለስፓይደርማን ፊልም ይፈተን የሚል ዘመቻ ኢንተርኔት ላይ ተነስቶ ነበር፣ ከዛ ተዋናዩ በአንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ የስፓይደርማን ፒጃማ ለብሶ ታየ፣ ቤንዲስም ያንን አይቶ ኮሚኩን ማንበብ የምፈልገው ይሄ ሰው ያለበትን ነው ብሎ እንዳሰበ ተናግሯል። አንድ ፒጃማ! ማይልስ ሲወጣ ብዙ ሰው የተጨቃጨቀው በቆዳው ቀለም ነው፣ ግን ታሪኩን ያነበበ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ማይልስ አቅሙን ሲያገኝ አልፈልግም ብሎ ነበር፣ ተራ ልጅ ሆኖ መኖር ነው የፈለገው፣ ከዛ ፒተር ፓርከር ሲሞት ያያል፣ ቀድሜ ብነሳ ኖሮ ላድነው እችል ነበር እያለ ይጸጸታል። ይሄ ከ1962 ጀምሮ የምናውቀው የፒተር ጸጸት ነው፣ ፒተርም ሊያስቆመው ይችል የነበረውን ሌባ ችላ ብሎ አሳልፎት ነው አጎቱ የተገደለው። ፊቱ ተቀየረ፣ ሰፈሩ ተቀየረ፣ ጸጸቱ ግን ቦታው አለ።

በ2018 የወጣውና ኦስካር ያገኘው የማይልስ አኒሜሽን ፊልም ደግሞ ይሄንን በስዕል ነው ያደረገው። ማይልስ እና ፒተር ጫካ ውስጥ አብረው ሲወነጨፉ ፒተር በሰከንድ በ24 ስዕል ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ማይልስ በ12። ልጁ ገና ስለሆነ እንቅስቃሴው ቆረጥ ቆረጥ ይላል፣ ሲለምድ ይስተካከላል። አይናችሁ ምክንያቱን ሳያውቀው ልጁ ገና እየተማረ እንደሆነ ይሰማዋል። የሆነ ነገር ማጉደል የምለው እስከዚህ ድረስ ይሄዳል፣ ከስዕሉ ግማሹን ወስደው የልጁን ማንነት አሳዩን።

የኮሚክ ጀግናዋን ከማላ ካንንም ሳልጠቅስ አላልፍም፣ የጀርሲ ሲቲዋ የ16 ዓመት ልጅ፣ ቤተሰቦቿ ከፓኪስታን የመጡ። ስለ ጀግኖች የራሷን ታሪክ እየጻፈች ኢንተርኔት ላይ የምትለጥፍ ልጅ ናት፣ ከእኛ አንዷ ማለት ነው። አቅም ስታገኝ መጀመሪያ የምታደርገው የምታደንቃትን ባለ ወርቃማ ጸጉሯን ጀግና መምሰል ነው፣ መልኳ ራሱ ይቀየራል፣ እና አይመቻትም፣ ልብሱ አይመቻትም ጫማው አይመቻትም። ከዛ የራሷን ልብስ ከቡርኪኒ፣ ሙስሊም ሴቶች ለዋና ከሚለብሱት ሰውነት የሚሸፍን ልብስ፣ ትሰራለች። በ2015 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አውቶብሶች ላይ በሙስሊሞች ላይ ጥላቻ የሚያናፍስ ማስታወቂያ ሲለጠፍ የሆኑ ሰዎች በላዩ ላይ የከማላን ስዕል ለጠፉበት። ልጅቷ ከወጣች ገና አንድ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሰዉ ግን አውቶብስ ላይ አውጥቶ ስራ ሰጣት።

ቀልደኞቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው፣ ስለማልወዳቸው አይደለም፣ ሰዓት ስለሌለን ነው። በ1983 የወጣው ስፓይደር ሃም አሳማ ነው፣ ግን ሸረሪት የነከሰው አሳማ እንዳይመስላችሁ፣ አሳማ የነከሰው ሸረሪት ነው! አንዴ ቆም ብላችሁ አስቡት። ስኩዊረል ገርል ደግሞ በ1991 ስትፈጠር በሽኮኮዎች ዶክተር ዱም የሚባለውን ኃይለኛ ክፉ ሰው ያሸነፈች ልጅ ነበረች፣ በ2015 ራየን ኖርዝ እና ኤሪካ ሄንደርሰን ሲረከቧት ደግሞ ፕላኔት የሚበላውን ግዙፍ ፍጡር ቁጭ ብላ አናግራ ጓደኛ አድርጋ መለሰችው። ከሱፐርሂሮ ታሪክ ላይ ድብድቡን መንቀል ይቻላል ለካ።

አሁን ደግሞ አቅሙ ራሱ ሲነቀልስ የሚለውን እንይ፣ የመጣሁትም ለዚህ ነው ማለት እችላለሁ። ዱልሴ ፒንሶን የምትባል ሜክሲኳዊት ፎቶግራፍ አንሺ አለች፣ ኒውዮርክ ውስጥ የሚሰሩ የሜክሲኮ ስደተኞችን የሱፐርሂሮ ልብስ አልብሳ በየስራ ቦታቸው አነሳቻቸው። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ ሰዉ ሁሉ ስለ ጀግና ሲያወራ ነው ሀሳቡ የመጣላት። ሱፐርማን በብስክሌት ምግብ ያደርሳል። ስፓይደርማን የህንጻ መስኮት ያጸዳል። ካትዉማን የሰው ልጆች ትጠብቃለች። ዎንደር ዉማን ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሰራለች። ስር ላይ የሰውየው ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመት እንደሰራ እና ለቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብ ተጽፏል። የሚጠቀሙበት አቅም የለም፣ መብረር የለም፣ ያለው ያ የገንዘብ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው ልብሱን አይቼ ፈገግ አልኩ፣ ከዛ ቁጥሩን አነበብኩ፣ ከዛ ተመልሼ ፊታቸውን አየሁ፣ ጭምብል ያደረጉትም ቢሆኑ አቋማቸውን አየሁ፣ እና ለረጅም ሰዓት ከዛ ፎቶ መነሳት አልቻልኩም። ሱፐርማን ከወላጆቹ አገር የተለየ ስደተኛ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከታሪኩ የመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ ተጽፎ ያለ ነገር ነው። በብስክሌት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ግን እኔ አላየሁትም ነበር።

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ደግሞ ከ1985ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ብዙ ሰው ቤት አጥቶ፣ ተከራይ ከየቤቱ እየተባረረ በነበረበት ጊዜ፣ በ1987 ሱፐርባሪዮ የሚባል ሰው ብቅ አለ። ባሪዮ ማለት ሰፈር ማለት ነው። ቀይ ጥብቅ ልብስ፣ ቢጫ ካባ፣ የነጻ ትግል ጭምብል። ሰው ሊባረር ነው ሲባል በር ላይ ይቆማል፣ ሰልፍ ላይ ይወጣል፣ ባለስልጣናት ጋር በጭምብሉ ቁጭ ብሎ ይደራደራል። መኪና አያነሳም፣ ግድግዳ አይሰብርም። ግን ባለስልጣኑ ፊት ለፊቱ ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ስለዚህ ነጥሎ ሊያስፈራራው አይችልም፣ ጭምብሉ ስር ያለው ሰፈሩ በሙሉ ሊሆን ይችላል። ጭምብል በኮሚክ ውስጥ የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ እኔ የገባኝ ከእሱ ነው።

አንድ ልጨምር። ህዳር 15 ቀን 2013 በፈረንጆች አቆጣጠር ሳን ፍራንሲስኮ ለአንድ ቀን የባትማን ከተማ ጎታም ሆነች። ከደም ካንሰር ህክምና የወጣ የ5 ዓመት ልጅ ባትማን መሆን እፈልጋለሁ ብሎ ነበር፣ እና ምኞት የሚያሳካው ድርጅት ጥቂት ሰዎች ያግዙናል ብሎ ሲጠራ በሺህ የሚቆጠር ህዝብ ወጣ። ልጁ ከአንድ ትልቅ ባትማን ጋር ሆኖ የባቡር ሀዲድ ላይ የታሰረች ሴት ፈታ፣ የባትማንን ጠላት ሪድለርን ያዘ፣ ሌላው ጠላቱ ፔንግዊን የሰረቀውን የቤዝቦል ቡድን ማስኮት (የቡድኑን ምልክት እንስሳ) አስመለሰ፣ ከንቲባው የከተማዋን ቁልፍ ሰጡት፣ ጋዜጣው ራሱ የጎታምን ስም ለብሶ ልዩ ገጽ አወጣ። ባትማን ላይ ቁመቱን ቀንሱበት፣ ሀብቱን ውሰዱበት፣ ቁጣውን ውሰዱበት። የቀረው ማታ ፈርቶ የነበረ ልጅ ነው። ባትማን ደግሞ ከ1939 ጀምሮ ማታ ፈርቶ የነበረ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ አይኑ እያየ የተገደሉበት። ያ ቀን ከሁሉም የባትማን ፊልሞች በላይ ባትማንን ያሳየ ይመስለኛል፣ ይሄን ስል አጋንኜ አይደለም።

የመብት ጉዳይ የሚያሳስባችሁ ካላችሁ፣ በአሜሪካ ህግ የ1938ቱ ሱፐርማን በ2034 መጀመሪያ ላይ የህዝብ ንብረት ይሆናል፣ ባትማን በ2035። ያኔ የሚለቀቀው ያ የሚዘለው፣ የማይበረው ሱፐርማን ነው፣ በኋላ የተጨመሩለት ነገሮች ገና ይጠብቃሉ። እኔ እሱን በጉጉት ነው የምጠብቀው፣ ምክንያቱም መብረር የማይችል ሱፐርማን ማለት አንድ እጁ የተነቀለ ስፓይደርማን ማለት ነው።

እሺ፣ አሁን ወረቀቱን ከወንበራችሁ ስር አውጡት። የምትወዱትን አንድ ጀግና ሳሉ፣ ስዕል አልችልም የምትሉ በክብና በመስመር ሳሉት ይበቃል። ከዛ አንድ ነገር ብቻ ንቀሉበት፣ ካባውን ሊሆን ይችላል፣ አይኑን ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ሊሆን ይችላል፣ ደግነቱን ብቻ ተዉለት። ከስሩ ደግሞ ዛሬ አንድ ሰው ማዳን ቢኖርበት እንዴት እንደሚያደርግ በሁለት መስመር ጻፉ። አስር ደቂቃ አላችሁ። የእህቴ ልጅ እዛ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ አሻንጉሊቱንም ይዞት መጥቷል፣ የጨረሰ ሰው ወረቀቱን ለእሱ ያሳየው።